ሦስት ማግ ወደኋላ

የጋሽ ሳህሌ ጉልበት ደረጃ አይወድም፤ ገላን ኮንዶሚኒየም ደግሞ አራተኛ ፎቅ የሚያደርስ ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመው ያርፋሉ። ደከመኝ ማለት ስለማይወዱ ጎረቤት ባለፈ ቁጥር አየር እየተቀበልኩ ነው ይላሉ። ጎረቤቶቹ እውነቱን ያውቃሉ፣ እሳቸውም እንደሚያውቁባቸው ያውቃሉ፤ አየሩ ግን በየቀኑ እዚያው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ይወሰዳል። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው። ከዚህ ውስጥ ሠላሳ ሁለቱ አቃቂ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ውስጥ አልቋል።

ከፋብሪካው ይዘው የወጡት ሦስት ነገር ነው፦ ጡረታ፣ ግራ ጆሯቸው ውስጥ የቀረ የማሽን ጩኸትና አንድ ልማድ። ስለ ጡረታው ባናወራ ይሻላል። ጩኸቱንም ለምደውታል። ጣጣ ያመጣው ልማዱ ነው።

የሽመና ክፍል ሰው ከሌላው የሚለየው መብራት ሲጠፋ ነው። ሌላው ሰው ሻማ ይፈልጋል፤ የሽመና ሰው ግን ማሽኑ የት ላይ እንደቆመ ያያል። ማሽን ድንገት ሲቆም መጨረሻ የገቡት ማጎች፣ ማለትም በድሩ መሀል ተሻግረው የሚያልፉት ክሮች፣ በደንብ ሳይጠብቁ ይቀራሉ። መብራት ሲመጣ እዚያው ላይ ካስነሱት ጨርቁ ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመር ይወጣል። ቢያጥቡት፣ ቢቀቅሉት፣ ቀለም ቢነክሩት አይለቅም። ስለዚህ ሦስት ማግ ፈትቶ ማውጣት፣ ማሽኑን በእጅ ሦስት ወደኋላ መመለስና ከዚያ ማስነሳት ነው። ጋሽ ሳህሌ ይህን በሃያ ሁለት ዓመታቸው ከአለቃቸው ተማሩ፤ ለስንት ወጣት እንዳስተማሩ ደግሞ ቁጥሩን ረስተውታል። ከዚያ በደብተር ይጻፋል፦ የት ቆመ፣ ከየት ተነሳ፣ ፊርማ። በእሳቸው ፊርማ የወጣ ጨርቅ ተመልሶ መጥቶ አያውቅም። ሰው ሲያመሰግናቸው የሚደነግጡት ሰውዬ ይህን ሲናገሩ ብቻ ደረታቸው ትንሽ ይነፋል።

አሁን አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው እምነት ናት። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቀን ቃሊቲ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ትማር ነበር ማለት ይሻላል፤ ትምህርቱ አልቆ የቀረው የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። ሦስት ዓመት ይፈጃል የተባለው አምስት ሆኗል። አንዱን ዓመት የእናቷ የወይዘሮ ፈለቀች ሕመም ወሰደው፤ ሌላውን ሐዘኑ። ሁለት ጊዜ ጊዜ ይራዘምልኝ ብላ ተራዝሞላታል። ሦስተኛ የለም ተብላለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለው ሰኞ አማካሪዋ ዶክተር ያደታ የፈረሙበትን ጽሑፍ ካላስገባች አምስቱም ዓመት ውሃ በላው።

ጥናቱ ምን እንደሆነ አባትየው የገባቸው አንድ እሑድ አንሶላ ሲያጥፉ ነው። ውጭ አገር ኳንተም የሚባል አዲስ ዓይነት ኮምፒውተር አለ አለቻቸው፤ እኛ የለንም። ያላቸውም ቢሆኑ ማሽናቸው እውነት ይናገር አይናገር የሚያረጋግጡት፣ እሱ የሚሠራውን ሰርኪት፣ ማለትም የትእዛዝ ቅደም ተከተል፣ ተራ ኮምፒውተር አስመስሎ እንዲሠራው በማድረግ ነው። ተራው ኮምፒውተር ግን ቶሎ ይታክተዋል። አንሶላውን አንዴ አጠፈችው፤ ሁለት ሆነ። ደገመች፤ አራት ሆነ። ኪዩቢት የሚባል ነገር አለ፣ አንድ በተጨመረ ቁጥር ሥራው እንደዚህ እጥፍ ይሆናል አለች። የእሷ ሰርኪት አርባ ስምንት ኪዩቢት አለው። አንሶላው ስድስተኛው ላይ አልታጠፍ አለ።

"ታዲያ አርባ ስምንቱን የት ታደርጊዋለሽ?" አሏት።

የትም፣ አለች። የኮሌጁ ኮምፒውተሮች ሁሉ ቢሰበሰቡ አይችሉትም። ስለዚህ ሰርኪቱን መሀል ለመሀል ሃያ አራትና ሃያ አራት አድርጋ ቆርጣዋለች፤ ሃያ አራት እጥፍ የእሷም ኮምፒውተር ይችላል። ችግሩ ቁርጡን የሚሻገሩ አሥራ ሁለት ማያያዣዎች መኖራቸው ነው። እያንዳንዱ በሁለት መንገድ ሊሄድ ይችላል፣ የቱን እንደሚሄድ አይታወቅም። ስለዚህ ሁሉንም መሞከር ነው፦ አራት ሺህ ዘጠና ስድስት መንገድ። አንዱን መንገድ መሥራት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ የአንዱ ውጤት ከሌላው እየተደመረ ሄዶ መጨረሻ ላይ መልሱ ይገኛል።

"ቁርጥራጭ እየሰፉ ጋቢ ማውጣት ነዋ" አሉ ጋሽ ሳህሌ። እምነት ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ስለነበር አባትየው ጥናቱን የዚያን ቀን ወደዱት።

መልሱ ደግሞ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ዶክተር ያደታ ለፈተና ብለው ሰርኪቱን ወደፊት ሄዶ ከዚያ የሠራውን ሁሉ በተራ እያፈረሰ ወደ መነሻው እንዲመለስ አድርገውታል። ዘዴዋ ትክክል ከሆነ ድምሩ አንድ ይመጣል፤ መቶ በመቶ ተመልሷል ማለት ነው። አንድ ከመጣ ይፈርማሉ። ካልመጣ፣ ሰው እንዴት ያልሆነ ነገር ላይ ይፈርማል?

እንግዲህ ኮምፒውተሩ አንድ እሑድ እኩለ ሌሊት ላይ ሥራውን ጀመረ። መብራት ባይጠፋ ስምንት ቀን ተኩል ነበር፤ መብራቱ ግን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ያዝ የሚያደርገው ዩፒኤስ ባትሪው ከሞተ ከርሟል። እምነት ይህን አስባበታለች፤ ፕሮግራሙ አንድ መንገድ በጨረሰ ቁጥር ድምሩን ያስቀምጣል፣ እንደገና ሲከፈት መጨረሻ የሠራውን ቁጥር ያሳይና ከየት ልቀጥል ብሎ ይጠይቃል። ራሱ አውቆ እንዲቀጥል ማድረግ ትችል ነበር። መጀመሪያ ሥራውን ከኮሌጁ ኮምፒውተር ጋር ልታካፍል አስባ ስለነበር ነው መነሻው በእጅ እንዲገባ ያደረገችው፤ የኮሌጁ ክፍል ለፈተና ሲያዝባት ደግሞ የምታስተካክልበት ጊዜ አጣች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እሷ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥታ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው የምትገባው። ቤት የሚውሉት አባቷ ናቸው። ማብሪያውን፣ መክፈቻውንና ቁጥሩ የሚጻፍበትን ቦታ አሳየቻቸው፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያደረገች፣ አንድ እግሯ ኮሪደር ላይ ሆኖ፣ የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም ልድረስ ብላ እየሮጠች፣ "መብራት ሲመጣ ካቆመበት ያስቀጥሉት አባባ" አለቻቸው። ለሽመና ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አልነበረም።

ጋሽ ሳህሌ ወርደው ባለካሬ ደብተር ገዙ። በማስመሪያ ሦስት ዓምድ አሰመሩ፦ ቆመ፣ ተነሳ፣ ፊርማ። የመጀመሪያው ቀን አምስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ ሲመለስ ማብሪያውን ተጫኑ። ማሽኑ መጨረሻ የሠራው 212 ነው አለ። ጋሽ ሳህሌ ሦስት ወደኋላ ቆጠሩ፣ 210 ብለው ጻፉ፣ አስነሱት። ደብተሩ ላይም እንዲሁ፦ ቆመ 212፣ ተነሳ 210። ከፈረሙ በኋላ ወንበሩ ላይ ተደግፈው ማሽኑ ሲያጓራ ሰሙት። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በሰዓቱ የሚፈለግ ሰው ሆነው አያውቁም ነበር።

ስለ ሦስቱ ለእምነት አልነገሯትም። ምኑ ይነገራል? ወጥ የሚሠራ ሰው ጨው ጨመርኩ ብሎ አያውጅም።

አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ሆነ። ከሕንጻው ሥር ከጡረተኞች ጋር ዳማ የሚጫወቱትን ተዉት። ዳቦ ሲገዙም ሁለተኛው ፎቅ ላይ አየር ሳይቀበሉ ይወጡ ጀመር፤ ጉልበታቸው ማታ ማታ ሲያማቸው ዝም ይላሉ። ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ እምነት ልነሳ ስትል አንቺ ተኚ ይሏታል። እሷም ትተኛለች። እራቷን ሳትጨርስ ሶፋ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ የሚወስዳት ልጅ ምን ብላ ትከራከራለች? መብራቱ ሃያ ሰባት ጊዜ ሄዶ ሃያ ሰባት ጊዜ ተመለሰ፤ ደብተሩ ላይ ሃያ ሰባት ረድፍ ሞላ።

ሐሙስ ማታ አለቀ። እምነት ጫማዋን ሳታወልቅ ስክሪኑ ፊት ቆመች። አባትየው ከኋላዋ ሆነው አንድ ነው ወይ አሏት። አንድ ነጥብ ዜሮ ስድስት ነው አለች። ጋሽ ሳህሌ ተደሰቱ፤ በፋብሪካው ከኮታ በላይ ማምረት ያሸልም ነበርና ከአንድ በላይ ከሆነማ ጥሩ አይደል አሉ። እምነት ጫማዋን ቁጭ ብላ ፈታች። ከአንድ መብለጥ ከማነስ አይሻልም አባባ፣ ተበላሽቷል ማለት ነው አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም።

ዓርብ ፈቃድ ወስዳ ቤት ዋለች። የጻፈችውን ፕሮግራም ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አነበበችው። ጋሽ ሳህሌ ሻይ ያቀርባሉ፣ የቀዘቀዘውን ያነሳሉ፣ ሌላ ያቀርባሉ። ሁሉን እንደገና ለማስሠራት አሥራ አንድ ቀን የላትም፤ የቀራት ሦስት ነው። ማታ ላይ ለጓደኛዋ ስልክ ስትደውል ሰሟት፦ ሞኝ ነኝ፣ ሥራዬን ይዤ ብቀመጥ ምን ነበረበት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ ትላለች። አባትየው ይህን መስማት አልቻሉም፤ ተነስተው ራዲዮ ከፈቱ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ያደታ ደወሉ። እምነት እጇ ኪቦርዱ ላይ ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው። ሰውየው ተረጋግተው ነው የሚናገሩት፦ ዘዴሽ ስህተት ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ጭራሽ ሌላ ቦታ ነበር የሚሄደው፤ ይህን ያህል ተጠግቶ የሚስተው አንዳንድ መንገድ ሁለቴ ሲቆጠር ነው አሏት። እምነት አይቻለሁ ዶክተር፣ ከአንድ እስከ አራት ሺህ ዘጠና ስድስት እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው አለች። እንግዲያው ሰኞ እንነጋገር አሉ፤ ምን እንደሚነጋገሩ ግን አልተናገሩም።

ጋሽ ሳህሌ መስኮቱ አጠገብ ዳቦ እየቆረሱ ነበር። ሁለቴ ሲቆጠር የሚለው ቃል በደህናው ጆሯቸው ገባ። ዳቦውን አስቀምጠው ወደ መኝታ ቤታቸው ሄዱ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ የታያቸው የሽመና ማሽን ነው፤ እጃቸው ማጉን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ሲፈታ፣ ክሩ ወለል ላይ ሲወድቅ። ቀጥሎ የታያቸው የእምነት ማሽን ነው። ከዚህ ማሽን ላይ ምንም ክር ወድቆ አያውቅም።

ደብተሩ ትራሱ ሥር ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ጋሽ ሳህሌ ለጥቂት ጊዜ ሌላ ሐሳብ መጥቶላቸው ነበር። ማን ያውቃል? ልጅቷ ጥፋቱ የራሷ መስሏታል። ደብተሩ ታች ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ቢገባ በሠላሳ ሁለት ዓመት ያልተነካ ስማቸው እንደነበረ ይኖራል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ብሎ የሚስቅባቸውም አይኖርም። ሰውነታቸው ዛለ፤ አራት ፎቅ በአንዴ የወጡ ያህል ዛለ። ጥፋተኛ መሆን በሰባ አንድ ዓመት እንደሚያደክም የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። ከዚያ ከወዲያ ክፍል እምነት ወንበር ስትገፋ ሰሙና ደብተሩን ይዘው ተነሱ።

"እሙዬ፣ ይሄ ማሽን ወደኋላ ስመልሰው የሠራውን ይፈታል?"

እምነት ፊቷን ሳትመልስ ምን ማለትዎ ነው አለች።

"212 ላይ ቆሞ ከ210 ባስነሳው፣ ሦስቱን ከድምሩ አውጥቶ ነው የሚቀጥለው? ወይስ እንዳሉ ትቶ?"

አሁን ዞረች። "ለምን ከ210 ያስነሱታል?"

ደብተሩን ዘረጉላት። "ወደኋላ መለስኩት እንጂ አልፈታሁትም" አሉ። "በሽመና እንደዚያ ነው። መስመር እንዳይወጣ።"

እምነት ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በጣቷ እያስኬደች አነበበች። አባትየው ቆመው ጠበቁ። ትጮህብኛለች ብለው ነበር፤ ብትጮህ ደግሞ በተሻላቸው። እሷ ግን አንድ ገጽ ገለጠች፣ ሁለተኛውን ገለጠች፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ላይ ሦስት ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

"ሁሉም ላይ ሦስት ነው። ሁለት ወይም አራት አድርጌ አላውቅም።"

"ያልጻፉትስ አለ?"

"ያልጻፍኩት የለም።"

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ከዚያ እየቆጠረች ተናገረች፤ ሃያ ሰባት ጊዜ ሦስት ሰማንያ አንድ መንገድ ነው፣ የትኞቹ እንደሆኑ እያንዳንዳቸው እዚህ ተጽፈዋል። እነሱን ብቻ እንደገና ሠርቶ ከድምሩ መቀነስ ነው። አራት ሰዓት ይፈጃል። አባባ፣ ሌላ ሰው እንዳሻው ቢነካካው ኖሮ ምን እንደጎደለ ምን እንደበዛ አይታወቅም ነበር አለች። ካቆመበት ብዬ ሮጥኩ፣ ለምን እንደሆነ ቁጭ ብዬ አልነገርኩዎትም፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለች። ጋሽ ሳህሌ ይህን አልተቀበሉትም። ግን ለመከራከርም አቅም አልነበራቸውም።

"አሁን እንፈታዋለን ማለት ነው?" አሉ።

"አዎ። አሁን እንፈታዋለን።"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጀመሩ። እሳቸው ከደብተሩ ቁጥር ይጠራሉ፣ እሷ ታስገባለች፤ ሃያ ሰባቱም ረድፍ ገባ። ፕሮግራሙ ውስጥ የቀየረችው አንዲት የመደመር ምልክት ናት፣ መቀነስ አደረገቻት። አንዱ ረድፍ ዘጠኝ ደቂቃ ይወስዳል። የሚጠብቁት ነገር እንጂ የሚሠሩት አልነበረም፤ እምነት ራሷን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ አንቀላፋች። አሥራ ዘጠነኛው ረድፍ እንዳለቀ፣ መቼስ አይቀርም፣ መብራት ሄደ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለስ እምነት አልነቃችም። አባትየው ሊቀሰቅሷት እጃቸውን ትከሻዋ አጠገብ አደረሱና ተዉት። ማብሪያውን ቀስ ብለው ተጫኑ። ማሽኑ መጨረሻ የሠራው 19 ነው፣ ከየት ልቀጥል አለ። ጋሽ ሳህሌ ጣታቸውን አነሱ፤ ጣቱ ራሱን ችሎ ወደ አሥራ ሰባት ሄደ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የታዘዘ እጅ ነው። እዚያው ላይ ካስነሳኸው መስመር ይወጣል ይላል እጁ፤ መስመር የወጣበት ጨርቅ ሁሉ እዚያ ቁጥር ላይ የተቀመጠ መሰላቸው። 20 ብለው ጻፉ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ማሽን ካቆመበት ቀጥለው አስነሱት።

እምነት ድምፁን ሰምታ ብድግ አለች። "ከየት አስነሱት?"

"ከሃያ" አሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ አለቀ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ ዘጠኝ ዘጠኝ ነው፤ አንድ ነው ማለት ነው አለች እምነት፣ የጎደለችው ጭላጭ ኮምፒውተሩ ቁጥር ሲያጠጋጋ የምትጠፋ ናት። ደስታዋን የምታሳይበት ጉልበት አልነበራትም። የአባቷን ቀኝ እጅ በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ሄዳ ተኛች። ጋሽ ሳህሌ ደብተሩ ላይ የመጨረሻውን ረድፍ ጻፉ፦ ቆመ 19፣ ተነሳ 20። ሲያዩት የሌላ ሰው ጽሑፍ መሰላቸው፤ ቢሆንም ፈረሙበት።

ሰኞ እምነት ጽሑፉንም ደብተሩንም ይዛ በጠዋት ወጣች። ጋሽ ሳህሌ ዳቦ ገዙ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመው አየር ተቀበሉ። ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ ደወለች። ፈረሙ አለች። ድምፅዋ ውስጥ ታክሲ፣ ሰውና ልቅሶ የመሰለ ነገር አብሮ ይሰማ ነበር። ዶክተር ያደታ ደብተሩን ገጽ በገጽ አይተው ከጽሑፉ ጋር አባሪ ሆኖ ይግባ ብለዋል፤ ስለዚህ አይመለስም አለቻቸው። ይሁን አሉ። ደስ ብሏቸዋል፤ ዓይናቸውን ሁለቴ ጠረጉ።

ስልኩን ሳያስቀምጡ መብራት ጠፋ። አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲመለስ ጋሽ ሳህሌ ከሶፋው ተነሱ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ወደ ኮምፒውተሩ ሄዱ፣ ወንበሩንም ሳቡ። ደብተሩን ለማንሳት እጃቸውን ሲዘረጉ ጠረጴዛው ባዶ ነው። የሚያስነሱት ነገር እንደሌለ ያኔ ትዝ አላቸውና፣ ከተነሱ አይቀር ብለው እዚያው ተቀመጡ።